ክንደ ብርቱ ወይስ ሆደ ሰፊ? ለአንድ የሐይቅ መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «በሐይቅ ከተማ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ተከራከሩ። ግማሾቹ የተከፋፈለ አገርን አንድ የሚያደርገው ክንደ ብርቱ መሪ ነው ብለው ዐፄ ቴዎድሮስን ጠሩ። ግማሾቹ ደግሞ ሆደ ሰፊና ይቅር ባይ መሪ ነው ብለው ማንዴላን ጠሩ። ክርክሩ በጩኸት አለቀ፤ ሁለት ልጆች እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። እኔም ፍርድ መስጠት አቃተኝ። የትኛው ወገን ትክክል ነው? ደግሞስ እንዲህ ያለውን መሪ ሥልጣን ከመያዙ በፊት በምን እናውቀዋለን?»

የተከበሩ መምህር፣

ጥያቄዎ ከደረሰኝ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ታሪክንና የግጭት አፈታትን በደሴ ከሃያ ዓመት በላይ ሳስተምር ይህንኑ ክርክር በተለያየ መልኩ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜም በእነዚሁ በብርታትና በደግነት መካከል ይከፈላል። አጭሩ መልሴ ይህ ነው፦ ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር ስተውታል። ሕዝብን የሚያቀራርብ መሪ የሚታወቀው የራሱን ወገን ቅር ማሰኘት ሲችል ነው። ባላጋራውን የሚያስፈራራ መሪ ብዙ አይተናል። ባላጋራውን የሚያቅፍም አልፎ አልፎ ይገኛል። በገዛ ወገኑ ፊት ቆሞ «ይህን አታደርጉም፤ ይህን በደል የሠራነው እኛ ነን» የሚል ግን ጥቂት ነው፤ ሌላው ወገን ቃሉን ማመን የሚጀምረውም ያን ዕለት ነው።

ረጅሙን መልስ ከመቅደላ ልጀምር። ተማሪዎችዎ ቴዎድሮስን ጠርተዋል፤ መቅደላም የእኛው የወሎ አምባ ናት።

ዐፄ ቴዎድሮስን ማሳነስ አልፈልግም። የዘመነ መሳፍንትን ትርምስ ሊያከትሙ የተነሡ፣ በአንድ ዘውድ ሥር የምትተዳደር አገር የታያቸው ንጉሥ ነበሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነገሡና ብዙም ሳይቆዩ ወደ ወሎ ዘመቱ፤ መቅደላንም ያዙ። በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲያስገብሩ የማረኩት ሕፃኑ ምኒልክ ያደገው በእጃቸው ነው። ወሎ ግን አልተኛላቸውም። በየጊዜው ዘመቱ፣ በየጊዜው ቀጡ፤ ዞር ባሉ ቁጥር ደግሞ አገሩ እንደገና ተነሣ። በመጨረሻ መቅደላ ምሽግም ወኅኒም ሆነች፤ የተሸነፉ ባላባቶች ልጆች በመያዣነት ተቀመጡባት። ከእነርሱ አንዱ የወሎዋ ገዢ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ነበር።

በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አመለጡ። ሸሽተው የደረሱት ወይዘሮ ወርቂት ዘንድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ባወቁ ጊዜ በእጃቸው የነበረውን የወርቂትን ልጅ ከሌሎች እስረኞች ጋር በቁጣ አስገደሉ። ወርቂትም ምኒልክን ወደ ሸዋ ሸኙ፤ ምኒልክም የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። ከሦስት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲገሰግስ በዙሪያው ካሉት የወሎ ገዢዎች ለንጉሡ የቆመ አልነበረም፤ የማምለጫውን መንገድ የዘጉትም እነርሱ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን ተማሪዎችዎ ያውቁታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስነግር አንዳንዱ «እንግዲያው ኃይል አይጠቅምም» ብሎ ይደመድማል። ችኮላ ነው። መንግሥት ያለ ኃይል አይቆምም፤ ገዳይን የማይዝ፣ ዘራፊን የማይቀጣ መሪ ማንንም አያስታርቅም። እኔ የማስጠነቅቀው ክንዱ የሚያርፍበትን ቦታ ነው። የወርቂት ልጅ አላመለጠም፤ ምኒልክን በመሸሸጉም እጁ የለበትም። የተገደለው የማን ልጅ እንደሆነ ስለታወቀ ነው። መሪ በአንድ ሰው ጥፋት ዘመዱን፣ መንደሩን፣ ቋንቋውን የሚናገረውን ሁሉ ሲቀጣ እርስ በርሳቸው ሊስማሙ የማይችሉ ሰዎችን ሁሉ በአንድ ቂም ያስተሳስራቸዋል። ወሎ በዚያ ዘመን በብዙ ገዢዎች የተከፋፈለ አገር ነበር፤ በመቅደላው ንጉሥ ላይ ግን አንድ ሆነ።

አሁን ከመቅደላ ወደ ቦሩ ሜዳ እንለፍ። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለውን ያን ሜዳ ሳልፍበት ሁልጊዜ የምቆዝምበት ምክንያት አለኝ፤ ያው አንድ መሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ማቀራረብንም ማራራቅንም እንዴት እንደሚችል የሚያሳይ ቦታ ነው።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። ንጉሥ ምኒልክ የሚበልጣቸው ጦር እንደመጣ አይተው ልቼ በተባለው ቦታ ገቡላቸው። ያለፈው ዘመን ልማድ ቢሆን ለተሸነፈ ተቀናቃኝ የሚጠብቀው አምባና ሰንሰለት ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ግን ምኒልክን የሸዋ ንጉሥ አድርገው ዘውድ ደፉላቸው። እስቲ ያሰቡት፤ በድል መጥቶ ተሸናፊውን ማንገሥ! ከዘመቱት መኳንንት ስንቱ በልቡ አጉረምርሞ ይሆን? ያ ውሳኔ ለሁለቱ ወገኖች የብዙ ዓመት መተንፈሻ ሰጠ፤ የሸዋ ጦር ደም ሳይፈስ ገባ፤ ምኒልክም ለግብር እንጂ ለበቀል አልተቀመጡም።

በዚያው ዓመት ግንቦት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተሰበሰበ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለዘመናት ያከራከረው የሃይማኖት ልዩነት ዳኝነት አገኘ፤ የተዋሕዶ ትምህርት ጸና፣ የሌሎቹ ተወገዘ። እስከዚህ ድረስ የቤተ ክርስቲያን የውስጥ ጉዳይ ነው ልንል እንችል ይሆናል። ነገር ግን አንድነት በአንድ እምነት ብቻ ይጸናል የሚለው ሐሳብ ወደ ሙስሊሙ ወሎም ተሻገረ። የወሎ ገዢዎች እንዲጠመቁ ተደረገ፤ መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፣ ኢማም አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሕዝቡም ተከተል ተባለ። ሸህ ጦልሐ ጃዕፈር ያን አዋጅ ተቃውመው ተነሡ። የተጠመቀው ሁሉም ቢሆን በልቡ አልተለወጠም፤ ቀን ቤተ ክርስቲያን ታይቶ ማታ በቤቱ የሚሰግድ ሰው የዚያ ዘመን ትዝታ ሆኖ ቀረ።

ያው ንጉሥ፣ ያው ዓመት። በልቼ ሲያቀራርቡ በቦሩ ሜዳ ያራራቁበትን ምክንያት ብዙ አሰላስዬበታለሁ። በልቼ የራሳቸውን ወገን የድል ምኞት ገትተዋል፤ በቦሩ ሜዳ ግን የራሳቸው ወገን የሚወደውን ነገር የሁሉም ግዴታ አደረጉት። ስለዚህ አንድ መሪ «አስተባባሪ ነው» ወይም «ከፋፋይ ነው» ብሎ ለዘላለም መመዘን ያሳስታል። መመዘን ያለበት ሥራው ነው፤ በእያንዳንዱ ሥራ ዋጋውን ማን ከፈለ የሚለው።

ዛሬ ወሎዬ የሚኮራበት አብሮ መኖር ከየትኛውም ቤተ መንግሥት በአዋጅ አልወጣም። በየቤቱ የተሠራ ነው። የአባቱ ስም ገብረ ማርያም፣ የእርሱ ስም መሐመድ የሆነ ሰው እዚህ ማንንም አያስደንቅም። የጋብቻው፣ የዱዓው፣ የቡናው፣ የቅሬው (የዕድሩ) ሥራ ነው። በደሴ ያለው የንጉሥ ሚካኤል ግብር ቤት አይጠየፍ መባሉን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ለአንድ የወሎ ገዢ ከዚህ የተሻለ የአዳራሽ ስም አላውቅም። ቢሆንም የእርሳቸውን ዘመን ሁሉ ከአዳራሹ ስም አንጻር ብቻ እንድናየው አልመክርም።

መምህር፣ እዚህ ላይ ስለ ሽማግሎቻችን ማውራት አለብኝ፤ ከመጻሕፍት ይልቅ ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸውና።

ከዓመታት በፊት በቃሉ ወረዳ በኩል በደም የተፈላለጉ ሁለት ቤተሰቦችን አበጋሮች የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ ለማየት ተፈቅዶልኝ ነበር። ጠቡ በመስኖ ውኃ ተራ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ያጠፋ ነው። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ሃይማኖት የተውጣጡ ነበሩ። ያስገረመኝ ግን ነገሩን የሚመራው አዛውንት የገዳዩ እናት የሥጋ ዘመድ መሆኑ ነው። በትምህርት ቤት የተማርኩት ገለልተኛ ዳኛ የሚባለው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ነበር። ለሟች ወንድም ጠጋ ብዬ «ይህን ሰው እንዴት ተቀበላችሁት?» አልኩት። መልሱን ዛሬም እንደ ሰማሁት አስታውሰዋለሁ። «የገዛ ወንድሙ ልጅ የእኛን በሬ ነድቶ ሲሄድ በገበያ መካከል በሕዝብ ፊት አስመለሰው። ያን ቀን ለእኛ አላዳላም፤ ለእርሱም አላዳላም።»

ከዚያ በኋላ የሽማግሌውን አካሄድ በሌላ ዓይን ተከታተልኩት። ጉዳዩ ወራት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከሁለቱም ቤት እህል አልቀመሰም። መጀመሪያ የተቀመጠው ከገዳዩ ዘመዶች ጋር ነው፤ የዋለውን በደል ራሳቸው በአፋቸው እስኪናገሩት ድረስ ወደ ሟች ቤት አልተሻገረም። «ቢሆንም እኮ…» እያሉ ሲጀምሩ እጁን አንሥቶ ያስቆማቸዋል። ከገዳዩ ወንድሞች አንዱ ተቆጥቶ ከጉባኤው ወጣ፤ ሽማግሌው አልተከተለውም፣ ግን ማታ ቤቱ ድረስ ሄዶ አደረ። የደም ካሣውም፣ መሐላውም፣ ዱዓውም በኋላ መጣ። ሟችን ለሚያለቅሱት ወገኖች የተነገራቸው የመጀመሪያው ቃል «ይቅር በሉ» አልነበረም። «በድለናችኋል» ነበር።

ይህን የቃሉን ሰው ከአእምሮዎ ሳያወጡ ተማሪዎችዎ ወደ ጠሩት ወደ ማንዴላ ይምጡ። ማንዴላ በ1962 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኢትዮጵያ መጥተው በአዲስ አበባ ኮልፌ የውትድርና ሥልጠና የወሰዱ ሰው ናቸው፤ ትግልን የማያውቁ የዋህ ይቅር ባይ አድርጎ መሳል አይገባም። ከ27 ዓመት እስራት በዚያው አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 1990 ተፈትተው በሁለት ሳምንታቸው ደርባን ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ተናገሩ። አካባቢው በጥቁሮች መካከል የእርስ በርስ ግድያ የሚነድበት ነበር። ማንዴላ ለገዛ ደጋፊዎቻቸው ጠመንጃችሁን፣ ቢላችሁንና ገጀራችሁን ወደ ባሕር ወርውሩ አሏቸው። ሊያያቸው የመጣው ሕዝብ ሊሰማ የፈለገው ይህን አልነበረም። ጥሪውም ወዲያው አልሠራም፤ ግድያው ለዓመታት ቀጠለ። ይህን ለልጆቹ ሳይደብቁ ይንገሯቸው፤ ትክክለኛ ቃል በማግስቱ ፍሬ ላያፈራ ይችላል።

ሁለተኛው ንግግራቸው ግን ከዚህም ይከብዳል። በኤፕሪል 10 ቀን 1993 ተወዳጁ የትግል መሪ ክሪስ ሃኒ በቤቱ ደጃፍ ላይ ተገደለ። ገዳዩ ከፖላንድ የመጣ ነጭ ነበር። አገሪቱ ለጦርነት አንድ እርምጃ ቀርቷት ነበር። ማንዴላ ገና ፕሬዚዳንት አልሆኑም፤ በሥልጣን ላይ ያሉት ደ ክለርክ ናቸው። ሕዝቡን ለማረጋጋት በቴሌቪዥን የቀረቡት ግን ማንዴላ ናቸው። የተናገሩት ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ጥላቻ የሞላው አንድ ነጭ ሰው ይህን ግፍ ፈጸመ፤ አንዲት ነጭ የአፍሪካነር ሴት ደግሞ ገዳዩ እንዲያዝ ሕይወቷን ለአደጋ አጋልጣ መረጃ ሰጠች። የሃኒ ጎረቤት የነበረች ሴት የመኪናውን ታርጋ ለፖሊስ አሳውቃ ነበርና። መምህር፣ ይህን ከመቅደላው ቁጣ ጋር ያስተያዩት። ማንዴላ ገዳዩን ከነጮች ሁሉ ለዩት። ለቆሰለው ወገናቸውም በዚያ ሰዓት መስማት የሚከብደውን እውነት ነገሩት፤ ያ ሕዝብ በዚያ ምሽት ስለ አንዲት ደግ ነጭ መስማት አልፈለገም። ሕመሙን አልካዱበትም፤ ቁጣውንም ነውር አላሉትም፤ ቁጣው የሚሄድበትን መንገድ ግን ዘጉት። የመጀመሪያው የሁሉም ዜጎች ምርጫ በተከታዩ ዓመት በኤፕሪል 27 ቀን ተካሄደ። ደቡብ አፍሪካ ከዚያ በኋላ ሀብትንና መሬትን በማከፋፈል ረገድ ብዙ ያልፈታችው ችግር አለባት፤ ዕርቅ ዳቦን አይተካም። ሆኖም በዚያ ምሽት ሊጀመር የነበረው ጦርነት አልተጀመረም።

«የራሱን ወገን የሚገሥጽ መሪ የራሱን ወገን አያጣም ወይ?» የሚል ተማሪ ይነሣል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም አንዳንዴ አዎ ነው። ደሴ ያፈራቻቸው ልጅ ኢያሱ ለዚህ ይጠቀሳሉ። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የዐፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸው። ሙስሊሙን የአገሩ ባለቤት ለማድረግ እጃቸውን የዘረጉ ወጣት ነበሩ፤ ስለ ዓላማቸው እስከ ዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። መዲናውን ትተው ለረጅም ጊዜ በዳር አገር እየዞሩ ሳለ የሸዋ መኳንንት በአዲስ አበባ ተማከሩ፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን አወረዷቸው። አባታቸው ጦር ይዘው ተነሡ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ። ብዙ ደም ፈሰሰ። እኔ ከዚህ የምወስደው ወገንን መገሠጽና ወገንን ችላ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የቃሉ ሽማግሌ ተቆጥቶ በወጣው ዘመዱ ቤት ሄዶ አድሯል። ልጅ ኢያሱ በራሳቸው መኳንንት ቤት አላደሩም።

አንድ ሌላ ባሕርይ አለ፤ ከላይ ካልኩት የተወለደ ቢሆንም ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። መጥፎ ወሬ መስማት መቻል ነው።

ወሎ ይህን በሬሳ ተምራዋለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሰዉ በየመንገዱ ሲረግፍ ወሬው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየቀጠነ ሄደ። ይህ እንዴት እንደሚሆን አስተዳደር ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። የወረዳው ሹም ለአውራጃው ሲጽፍ «ረኃብ» የሚለውን ቃል «የእህል እጥረት» ያደርገዋል፤ አውራጃው ለጠቅላይ ግዛቱ ሲጽፍ «በአንዳንድ ቦታዎች» ይጨምርበታል፤ ከላይ ሲደርስ የሚያሳስብ ነገር አይቀርም። ማንም ብቻውን ትልቅ ውሸት አልዋሸም። እያንዳንዱ የበላዩ ሊሰማ የሚወደውን ብቻ ነው ያቀበለው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ለሕዝብ አሳዩ፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢም የወሎን ረኃብ ለዓለም በቴሌቪዥን አቀረበ። ያው ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ከዚያ በአሥር ዓመቱ ሌላ መንግሥት በዚያው ጉድጓድ ገባ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ስታከብር ኮረም ላይ ሰው እየሞተ ነበር። ሰባ ሰባት የምንለው ዘመን። እኔ ያን ዘመን በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ አያቴ ስለ ረኃቡ ሲያወሩ በጣም የሚያማቸው ድርቁ አልነበረም። «ማንም አልሰማን» የሚለው ነበር። ዝናብ በመቅረቱ ሰው ከመንግሥቱ አይለይም። እየሞተ ሳለ አልሞትክም ሲባል ግን ይለያል። ለዚህ ነው ስለ አገር አንድነት ስንነጋገር ስለ ባንዲራና ስለ መዝሙር ብቻ ማውራት የማይበቃው። ከአንድ ሩቅ ቀበሌ የተነሣ መጥፎ ወሬ ሳይለሰልስ መሪው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል ወይ? ያደረሰው ሰው በሥራው ይቆያል ወይ? አንድነት ማለት በከፊል የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ስለ ኔሬሬም በአጭሩ ልጨምር፤ ከእኛ ጋር የሚቀራረብ ነገር አለና። ከአነስተኛው የዛናኪ ብሔረሰብ የተወለዱት የታንዛንያ መሪ ከመቶ በላይ ቋንቋ የሚነገርባትን አገር በኪስዋሂሊ አግባቡ፤ ቋንቋው የእናታቸው አልነበረም። ሕዝብን በግዳጅ ወደ መንደር ያሰባሰቡበት ፖሊሲ ብዙ ጉዳት አድርሷል፤ ይህን መሸፈን አይገባም። በ1985 ግን ማንም ሳያስገድዳቸው ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ። ወንበሩን የሚለቅ መሪ ተቃዋሚው ተራ እንዲጠብቅ ያስተምረዋል፤ ተራ እንደሚደርሰው ያመነ ደግሞ ጫካ ለመግባት አይቸኩልም።

በአገራችን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265 አገራዊ የምክክር ኮሚሽን ተቋቁሟል። ተማሪዎችዎ ስለ እርሱ መጠየቃቸው አይቀርም። እኔ የምመክራቸው በአንድ መለኪያ እንዲያዩት ነው፦ ከአዳራሹ ውጭ የቀረው ወገን አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰው ያምነዋል ወይ? መድረክ ማዘጋጀት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ዋጋ የሚከፍል ሰው ማግኘት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ከወዲሁ በምን እናውቀዋለን? ይህን በቅርቡ ያየሁትን በመንገር ልመልስ።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለ ሕዝብ ደሴን ሲሞላ፣ ትምህርት ቤቶች የመጠለያ ጣቢያ ሲሆኑ፣ የእኛ ቅሬም እንደ ሌሎቹ እንጀራ እያዋጣ ያመላልስ ነበር። የቅሬያችን ዳኛ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሰባተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ጦርነቱ እየቀረበ፣ ወሬውም እየከፋ ሲሄድ አንድ ቀን የሠፈሩ ወጣቶች ተሰብስበው የአንድ ጎረቤታችንን ቤት ከበቡ። የተጠረጠረበት ምክንያት የትውልድ ቦታው ብቻ ነበር። ሃያ ዓመት አብሮን ቀብሯል፣ አብሮን አዋጥቷል። የቅሬው ዳኛ ወንበሩን ከሱቁ አውጥቶ የጎረቤታችን በር ላይ ተቀመጠ። አልጮኸም። «ወንጀል ሠርቶ ከሆነ ፖሊስ ጣቢያው እዚያ ነው፤ አብሬው እሄዳለሁ። በእናቱ አገር ሰበብ ግን አትነኩትም» አለ። ከወጣቶቹ አንዱ የገዛ እህቱ ልጅ ነበር። «አንተም ከእነርሱ ነህ» ብሎ ሰደበው። እስከ ምሽት ከዚያ በር አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ራቀው። ለተወሰነ ጊዜ የልብስ ደንበኛው ሳይቀር ቀነሰ። ዛሬ ግን በሠፈራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ፣ የትም ይወለዱ የት፣ መጀመሪያ የሚጠሩት እርሱን ነው።

ያን ሰው ያወቅነው በዚያ ቀን ነው ማለት እችል ነበር። ወደ ኋላ ሳስብ ግን ምልክቱ ቀድሞም ነበር። የቅሬውን ገንዘብ ሒሳብ ሳይጠየቅ በየሦስት ወሩ በሁሉም ፊት ያነብ ነበር። ወንድሙ መዋጮ ሲያጓድል ስሙን ከሌሎቹ ጋር ይጠራ ነበር። ስለ ሌላው ወገን ሲያወራ በማይሰሙበትም ቦታ በሚሰሙበት ስማቸው ይጠራቸዋል። እንግዲህ ተማሪዎችዎ የመሪ ዕጩ ሲቀርብላቸው ይህንን ይመልከቱ፦ የእርሱ ሰዎች ሲያጠፉ በየትኛው አፍ ይናገራል? የሌላው ሰው ሲያጠፋ ጥፋተኛውን ብቻ ነው የሚጠራው ወይስ ወገኑን ሁሉ? «እነዚህ» እያለ በጅምላ የሚጠራቸው ሰዎች አሉት? ክፉ ወሬ ያመጣለት ሰው ዛሬም በዙሪያው አለ ወይ? ከዚህ በፊት ለእውነት ብሎ ከወገኑ ያጣው ነገር ምንድን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ይበልጥብኛል። ምንም አጥቶ የማያውቅ ሰው በአደባባይ ስለ አንድነት ቢናገር ዋጋውን ሌላ ሰው ይክፈልልኝ ማለቱ እንዳይሆን እፈራለሁ። የንግግር ችሎታ፣ ቁመና፣ የትምህርት ማዕረግ መልካም ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ግን የሚነግሩን ነገር ጥቂት ነው።

ስለማይነጋገሩት ሁለት ልጆች ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ካላስቸገርኩ። ክርክሩን እንደገና ያካሂዱ፤ ቦታ ግን ያለዋውጧቸው። ለቴዎድሮስ የቆመው በወይዘሮ ወርቂት በኩል ሆኖ ይናገር፤ ለማንዴላ የቆመው ደርባን ላይ ልጁ የተገደለበትን ጥቁር አባት ሆኖ ለምን ጠመንጃውን እንደማይጥል ያስረዳ። ሁለቱም የሌላውን ሰው ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ ይህን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ካልተናገሩ መልስ መስጠት አይፈቀድላቸው። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ በሠፈሩ የቅሬ ዳኛ እንዴት እንደተመረጠና ሰው ለምን እንደሚያምነው ከታላላቆቹ ጠይቆ አንድ ገጽ ይጻፍ። ሁለቱ ልጆች አንድ ላይ ሄደው አንድ ሽማግሌ ቢጠይቁ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ከሐይቅ እስከ ቦሩ ሜዳ ባለው መንገድ የሚያወራቸው አይጠፋም። የጻፉትን ቢልኩልኝ ሁሉንም አነባለሁ፤ ለእያንዳንዳቸውም እመልሳለሁ።